ከጿሚ እናት ጋር ወደ እስክንድርያ፦ የት ማደር፣ ምን መብላት

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ እኔ የምሠራው ዱባይ ሲሆን እናቴ የምትኖረው ባሕር ዳር ነው። ሦስት ዓመት ሳንተያይ ቆይተን፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ካይሮ ላይ ተገናኝተን አምስት ሌሊት እስክንድርያ ልናሳልፍ አስበናል፤ የቅዱስ ማርቆስን መንበር ማየት የእናቴ የቆየ ምኞት ነው። ዕድሜዋ 67 ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ጾመ ነቢያትን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ባልደረቦቼ በሞንታዛ በኩል፣ የራሱ ባሕር ዳርቻ ያለውና ቁርስ የሚጨምር ትልቅ ሆቴል እንድይዝ ይመክሩኛል። እኔ ደግሞ መሐል ከተማ ካሉት የድሮ ሆቴሎች አንዱን ወድጄው ነበር፤ እርጅናው ግን አስፈራኝ። እናቴ «በሰው አገር ምን ልበላ ነው?» እያለች ከአሁኑ ሽሮና ድርቆሽ ማዘጋጀት ጀምራለች። እኔ በበኩሌ ዓሣ እወዳለሁ። የት ብናድር፣ የት ብንበላ ይሻለናል?
የባሕር ዳሯ ልጅ፣ ከዱባይ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መሐል ከተማ ይደሩ። ባልደረቦችዎ የመከሩዎት ለሐምሌና ለነሐሴ የሚሆን ምክር ነው፤ እርስዎ የሚሄዱት ግን ማንም ሰው ባሕር በማይገባበት ወር፣ ከማትዋኝ እናት ጋር ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የከተማዋን አቀማመጥ ማወቅ ይበቃል። እስክንድርያ በሜዲትራኒያን ባሕርና በማርዩት ሐይቅ መካከል እንደ መቀነት የተዘረጋች፣ ወርዷ ጠባብ፣ ርዝመቷ ግን ብዙ የሆነ ከተማ ናት። ኮርኒሽ የሚባለው የባሕር ዳር ጎዳና ከምዕራብ፣ ከቃይትባይ ምሽግ ተነሥቶ የምሥራቁን ወደብ እንደ ግማሽ ጨረቃ ከዞረ በኋላ ሰፈር በሰፈር እየቆጠረ እስከ ሞንታዛ ይዘልቃል። እናትዎ ሊያዩት የሚመኙት ካቴድራል፣ የታወቁት የፉል ቤቶች፣ የድሮዎቹ ቡና ቤቶች፣ የዓሣ ምግብ ቤቶቹ ሰፈርና እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ያሉት በዚያ ግማሽ ጨረቃ ዙሪያ ነው። ሞንታዛ ከዚህ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ኮርኒሹ በመኪና ሲጨናነቅ መንገዱ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። እዚያ ያደረ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ወደ መሐል ከተማ ይመጣል እንጂ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ደክሟቸው ጋደም ሊሉ ሲፈልጉ ሁለት ጊዜ አያመላልስም።

ቁርሱም ቢሆን እንደሚመስለው ጥቅም አይደለም። እናትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ በአምስቱም ቀን እርጎና እንቁላል በተደረደረበት ገበታ ላይ ለሁለት ሰው ከፍለው ብቻዎን ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሆቴል ሲይዙ የአልጋውን ዋጋ ያለ ቁርስ ይጠይቁ። በነገራችን ላይ በታኅሣሥ የግብፅ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የባሕር ዳሩ ዘጠኝ ሰዓት እዚያ ስምንት ሰዓት ነው፤ በየትኛው ሰዓት እንደሚፈስኩ መወሰን ግን የእናትዎ ፈንታ ነው። ደግነቱ ግብፃውያን ዋናውን ምሳቸውን የሚበሉት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ጿሚዋ ለመብላት ሲነሡ ምግብ ቤቶቹ ትኩስ ምግብ የሚያወጡበት ሰዓት ይሆናል።

አሁን ወደ አልጋው ልምጣ። የሚፈልጉት ሰፈር በአረብኛ መሐጠት አል-ራምል፣ ማለትም የራምል ጣቢያ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከአሮጌው የከተማ ትራም መነሻ ነው። ጣቢያው አጠገብ፣ የግብፁ መሪ የሰዓድ ዛግሉል ሐውልት የቆመበት አደባባይ አለ፤ ሁለቱ ታዋቂ የድሮ ሆቴሎች የሚገኙትም በዚሁ አደባባይ ዳር ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1929 የተከፈተው ሴሲል ሲሆን፣ ዛሬ በአንድ ዓለም አቀፍ የሆቴል ድርጅት ስም ስለሚተዳደር ዋጋው ከፍ ያለ፣ አገልግሎቱም ይበልጥ የተስተካከለ ነው። ሁለተኛው ሜትሮፖል ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በወርቅማ ቅብና በከባድ መጋረጃ ያጌጠ፣ አሮጌነቱን የማይደብቅ ቤት ነው። ከአደባባዩ ጥቂት ወደ ምዕራብ፣ ኮርኒሹ ላይ፣ ዊንዘር ፓላስ የሚባል የእነርሱ ዘመን ጓደኛ አለ። ከሦስቱ ለእናትና ለልጅ የምመርጠው ሜትሮፖልን ነው፤ ወደ ፉል ቤቱም ወደ ቡናውም ወደ ቤተ ክርስቲያኑም በእግር ይደረስበታል፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ገንዘብ የማያሳስብዎት ከሆነና እርጅናውን ጨርሶ ካልወደዱት፣ ሳን ስቴፋኖ በሚባለው ሰፈር ያለው ፎር ሲዝንስ ዘመናዊ ምቾት ይሰጥዎታል፤ ነገር ግን ያኔም ወደ መሐል ከተማ በታክሲ ነው የምትመላለሱት።

የአሮጌ ሆቴል እርጅና የሚያስፈራው በሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሦስቱንም ከመክፈልዎ በፊት መጠየቅ ይቻላል። መጀመሪያ ሊፍቱን ይጠይቁ፤ አለ ወይ ብለው ብቻ ሳይሆን ከመንገዱ እስከ ሊፍቱ ድረስ ስንት ደረጃ እንዳለ ጭምር፤ በዚህች ከተማ ብዙ ርካሽ ማረፊያዎች በመኖሪያ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉ ናቸውና ሊፍቱ ከመጀመሪያው ደረጃ በኋላ ይጀምራል። ቀጥሎ ክፍሉን የሚያሞቅ ኤሲ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ቀን ላይ ሃያ ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ሌሊቱ ከባሕሩ እርጥበት ጋር አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ጉልበትን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱ ነው። በመጨረሻ መስኮቱን ይጠይቁ። ሁሉም ሰው ባሕር የሚያይ ክፍል ይመኛል፤ እኔ ግን በክረምታቸው አልመክርም። ነፋሱ በቀጥታ ከባሕሩ ይመጣል፣ የድሮ መስኮት በደንብ አይገጥምም፣ የኮርኒሹ ጥሩንባ ደግሞ እስከ ንጋት አይተኛም። ለተጨማሪው ዋጋ የሚከፍሉትን ገንዘብ ቡና ቤት ቁጭ ብለው ባሕሩን እያዩ ቢያወጡት ይሻላል። በጎን በኩል ያለ ክፍል ይዘው እናትዎ ይተኙ።

ምናልባት «ወጥ ቤት ያለው አፓርትማ ተከራይቼ ሽሮዋን ለምን አልሠራላትም?» ብለው አስበው ይሆናል። እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ያሉት ሚያሚና አሳፍራ በሚባሉት የምሥራቅ ሰፈሮች፣ ለበጋ ዕረፍት ለሚመጡ የካይሮ ቤተሰቦች የተዘጋጁ ናቸው። በታኅሣሥ ሕንፃው ግማሹ ባዶ ነው፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ማታ ታች ወርዶ ዳቦ የሚገዛበት ሱቅ እንኳ ሩቅ ሊሆን ይችላል። በጣም ርካሽ የሆኑ ትናንሽ ሆቴሎችን በተመለከተ ደግሞ፣ የውጭ አገር ሰው ለማሳደር ፈቃድ የሌላቸው ስላሉ በር ላይ ደርሰው እንዳይመለሱ አስቀድመው ይጠይቁ።

የእናትዎን ሥጋት ግን በሙሉ ልብ ላስወግደው እችላለሁ። በጾመ ነቢያት ወቅት ለጿሚ ከእስክንድርያ የበለጠ የሚመች የሜዲትራኒያን ወደብ የለም፤ ምክንያቱም የከተማዋ ክርስቲያኖችም በዚያው ሰሞን ይጾማሉ። የእኛ ጾም ኅዳር 15 ሲገባ የእነርሱ በማግሥቱ ይጀምራል፤ ሁለቱም የሚፈቱት በልደት ነው። በግብፅ የጾም ምግብ «ሲያሚ» ይባላል፤ ይህን አንድ ቃል እናትዎ ቢያጠኑት ዳቦ ቤትም፣ ኬክ ቤትም፣ ምግብ ቤትም ይጠቅማቸዋል። በጾም ወራት ኬክ ቤቶች ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል የተሠራ ብስኩት ሲያሚ የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ይሸጣሉ።

ከሁሉ በፊት ፉል አለ። ከራምል ጣቢያ አምስት ደቂቃ በማይሞላ የእግር መንገድ፣ ሻኩር ጎዳና ላይ፣ መሐመድ አሕመድ የሚባል ፉልና ፋላፍል ቤት አለ፤ ከዶክተሩ እስከ ሊስትሮው ሰው ሁሉ የሚበላበት ነው። ፋላፍሉ እንደ ሌባኖሱ ከሽምብራ ሳይሆን ከባቄላና ከቅጠላ ቅጠል ስለሚሠራ ውስጡ አረንጓዴ ነው። የእስክንድርያ ፉል የሚባለው ደግሞ በሰሊጥ ጣሂና፣ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙንና በቲማቲም የሚሠራ ነው። ዘይቱን በሚመለከት አንድ ነገር ለእናትዎ ይንገሩልኝ፤ «ዘይት ሀር» ብለው ሲያዙ የሚመጣው የተልባ ዘይት ነው። ተልባ በጾም ገበታ ላይ ሲቀርብ ያደጉ የጎጃም እናት በሰው አገር ነኝ የሚሉ አይመስለኝም።

ነገር ግን ማዘዝ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ቤት፣ ጾመኛ ሆኜ «ፉል» ብቻ ብዬ አዝዤ በቅቤ ተለውሶ መጣልኝ፤ ግማሹን ከጎረስኩ በኋላ ነው ሽታው የነገረኝ። «ሳምና» ማለት የተነጠረ ቅቤ ነው፤ «ቢ ዘይት» ማለት በዘይት ነው፤ የሚያዙት ሁለተኛውን ነው። ሌላው ወጥመድ ሾርባ ነው። ሙሉኪያ የሚባለው ቅጠል መልኩ ጾም ይመስላል፤ የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዶሮ ወይም በጥንቸል መረቅ ነው። የምስር ሾርባና በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠልም መረቅ ወይም ቅቤ ሊገባባቸው ስለሚችል ሲያሚ መሆናቸው ይጠየቅ። ያለ ሥጋት የሚበላው ኮሻሪ ነው፤ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ተደባልቆ በቲማቲም ስጎ፣ በኮምጣጤና በተጠበሰ ሽንኩርት ይቀርባል፤ ሚጥሚጣ ለለመደ የእኛ ሰው የሚሆን «ሻጣ» የተባለ ማቃጠያም አለው። ከተከካ ባቄላ የሚሠራው ቢሳራ ደግሞ ለሽሮ የቅርብ ዘመድ ነው። ድርቆሹን ግን እናትዎ ይያዙት፤ የማይበላ ቢሆን እንኳ ሻንጣ ውስጥ መኖሩ ያጽናናቸዋል።

ማታ ኮርኒሹ ላይ ሲናፈሱ በጋሪ የሚሸጠውን አይለፉ። ከቦታ ቦታ የተቀቀለ ግብጦ በትንሽ ወረቀት ይሸጣል፤ «ተርሚስ» ይሉታል፤ በጨውና በሎሚ ነው። በጎጃም ግብጦን ከአረቄ ጋር ብቻ ለሚያውቀው ሰው የባሕር ጠረፍ መዝናኛ ሆኖ ማየት ይገርማል። ለብርዱ የሚሻለው ግን «ሁሙስ አል-ሻም» ነው፤ ሽምብራ በቲማቲም፣ በሎሚና በበርበሬ ተቀቅሎ በብርጭቆ ከነመረቁ ትኩሱን ይጠጣል፣ ሽምብራው በማንኪያ ይበላል። የተጠበሰ ስኳር ድንችም አለ። ነጭና ወፍራም ሆኖ የሚቀርበው ሳሕለብ የሚባለው ትኩስ መጠጥ ወተት ስለሆነ ለእርስዎ እንጂ ለእናትዎ አይሆንም።

ቡናን በተመለከተ ሰፈሩ ዕድለኛ ነው። ሜትሮፖል ሥር ትሪያኖን፣ ጥቂት እልፍ ብሎ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ያለው ዴሊስ፣ ከሌላው በኩል አቲኔዮስ አሉ፤ ሦስቱም ከተማዋ የግሪኮችና የጣሊያኖች መነኻሪያ ከነበረችበት ዘመን የቀሩ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ኬካቸው ከዝናቸው ያንሳል፤ የሚከፈለው ለመስኮቱ፣ ለወንበሩና ለቀስታው ነው፤ ቅድም ያልኩት ባሕር የሚያይ ገንዘብ የሚወጣውም እዚህ ነው። ቡናውን ሲያዙ ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ አስቀድሞ ይነገራል፤ «ሳዳ» ያለ ስኳር፣ «ማዝቡት» መካከለኛ ማለት ነው። ለቡናው ጣዕም ብቻ ከሆነ ግን በዚያው ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ቡና እየፈጨ የሚሸጠው ብራዚሊያን ኮፊ ስቶር ይበልጥብኛል።

አሁን የእርስዎ ዓሣ። የዓሣው ሰፈር ባሕሪ ይባላል፤ ከራምል ጣቢያ በስተምዕራብ፣ ወደ ቃይትባይ ምሽግ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ምሽጉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1470ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ጥንታዊው የፋሮስ መብራት ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በእስክንድርያ ዓሣ የሚታዘዘው ከዝርዝር ሳይሆን ከበረዶ ላይ ነው፤ ቆመው ይመርጣሉ፣ ይመዘናል፣ በኪሎ ዋጋ ይነገርዎታል፣ ከዚያ እንዴት እንዲሠራ እንደሚፈልጉ ይጠየቃሉ። «ሲንጋሪ» ቢሉ ከጀርባው ተከፍቶ በቲማቲም፣ በቃሪያና በሽንኩርት ተሸፍኖ ይጠበሳል፤ «ማሽዊ» ቢሉ ሙሉው በከሰል ነው። ቡሪ የአካባቢው ዓሣ ነው፣ ቅባት አለው፣ ለጥብስ ይሆናል፤ ደኒስ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። ዐይኑ የደፈረሰውን አይውሰዱ፤ ለሁለት ሰው ሳይሆን ለአንድ ሰው እንደሚገዙ ያስታውሱ፤ ኪሎና ዋጋውን ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት ያስጽፉ። ክፍያ ላይ የሚታየው 12 በመቶ የአገልግሎትና 14 በመቶ የታክስ ጭማሪ በብዙ ምግብ ቤቶች የተለመደ ስለሆነ ማጭበርበር አይምሰልዎት።

አቡ አሽራፍና ቃዱራ በዚህ ሰፈር የቆየ ስም ያላቸው ናቸው፤ ግርግሩን ለሚወድ ይሆናሉ። ከእናትዎ ጋር ግን ኮርኒሹ ላይ ወደቡን ቁልቁል ወደሚያየው ፊሽ ማርኬት ወይም ከምሽጉ አጠገብ በግሪኮች ክበብ ወዳለው ምግብ ቤት ብትሄዱ ይሻላል፤ ወንበሩ ይመቻል፣ ሰላጣው፣ ጣሂናው፣ የተጠበሰ ደበርጃኑና ትኩስ ዳቦው ብቻውን ለጿሚ ምሳ ይሆናል። ከዓሣው ጋር የሚመጣውን ቡናማ ሩዝ ግን ለእናትዎ አያቅርቡ፤ «ሰያዲያ» የሚባለው ይህ ሩዝ የሚበስለው በዓሣ መረቅ ነው። እዚህ ላይ እንዳይደናገሩ፣ ግብፃውያን በዚህ ጾም ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ዓሣ ስለሚበሉ፣ አስተናጋጁ ዓሣውንም «ሲያሚ ነው» ብሎ በቅን ልብ ሊያቀርብላቸው ይችላል። የእኛን ሥርዓት የሚይዙ እናት ያለ ዓሣ መሆኑን ለይተው ይናገሩ።

አንድ የአየር ጠባይ ነገርም አለ። በክረምት በባሕሩ ላይ የሚነሣውን ማዕበል የእስክንድርያ ሰዎች «ናዋ» ይሉታል፤ ለእያንዳንዱም ስም አውጥተውለታል፤ በኅዳር የሚመጣው «መክነሳ»፣ ማለትም መጥረጊያ ይባላል። ናዋ በሆነ ቀን ጀልባ አይወጣም፤ ስለዚህ በማግሥቱ በረዶው ላይ ያለው ዓሣ የሰነበተ ወይም የተወደደ ነው። ያን ቀን ፉልዎን ይብሉ፤ ባሕሩ ጸጥ ካለ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ባሕሪ ይመለሱ።

የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ከሰዓድ ዛግሉል አደባባይ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ስለሆነ፣ እናትዎ ከፈለጉ በየጠዋቱ ሊደርሱበት ይችላሉ፤ ሰፈሩን የመረጥኩልዎትም ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአትናቴዎስ እጅ የተሾሙት በዚህች ከተማ ነው፤ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስም ጳጳሶቻችን ከዚሁ መንበር ይላኩልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በሆሳዕና ዕለት በበሩ ላይ ፍንዳታ ደርሶ ስለነበር ፍተሻው ጥብቅ ነው፤ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ኮርኒሹን በእግር ማቋረጥ ግን ለጤነኛ ጉልበትም አደገኛ ነው፤ ከመሬት በታች ያለውን መሻገሪያ ፈልጉ፣ ወይም ለአጭር መንገድም ቢሆን ጥቁርና ቢጫውን ታክሲ ዋጋ ተነጋግራችሁ ያዙ።

ከካይሮ የምትመጡት በባቡር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከራምሴስ ጣቢያ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፣ የአንደኛ ደረጃው ወንበርም ለእናትዎ ጉልበት ይዘረጋል። እስክንድርያ ሲገባ ባቡሩ መጀመሪያ ሲዲ ጋብር ይቆማል፣ ብዙ ሰውም እዚያ ሻንጣውን እያወረደ ይወርዳል። እናንተ አትነሡ፤ የእናንተ መውረጃ የመጨረሻው፣ መሐጠት መስር ነው፤ ከዚያ ሆቴላችሁ በታክሲ ቅርብ ነው።